የመታጠፊያው ገመድ

ገመዱ እርጥብ ነው። ስድስቴ አንድ እጁን ገመዱ ላይ አድርጎ፣ ሌላውን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ ከጫካው ውስጥ የሚመጣውን ኮቴ ያዳምጣል። ጓደኞቹ እየሮጡ ነው። እሱ ቆሟል። ዓመቱን ሙሉ አብሯቸው ዝናብ ሲደበድበው የከረመ ልጅ፣ እግሩ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ፣ በአገር አቋራጩ የመጨረሻ ውድድር ቀን መንገድ ጠቋሚ ተደርጎ ጭቃ ላይ ተገትሯል።

የቆመው መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ነው። የቀኙ ኮረብታውን ዞሮ መልሶ ወደ ጫካው ያስገባል። የግራው በዛፎቹ ጀርባ አልፎ ወደ ማብቂያው ሜዳ ይወስዳል። ሯጮቹ ኮረብታውን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ ወደ ግራ የሚታጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያው የግራው መንገድ በሁለት ችካል መካከል በተወጠረ ገመድ ተዘግቶ ይቆያል።

ጠዋት ዋና ዳኛዋ፣ ፊሽካ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ጠና ያሉ ሴትዮ፣ እዚሁ ድረስ አምጥተው አሳይተውታል።

«ስማኝ የኔ ልጅ። መሪው ሦስቱን ዙር ጨርሶ ሲመጣ ገመዱን ከግራ ትፈታና በቀኝ ታስረዋለህ። ገና ዙር የሚቀረው ልጅ ካለ ገመዱን ከፍ አድርገህ በሥሩ ታሳልፈዋለህ። ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡብህ ደግሞ ገመዱን ተወውና በአፍህ ንገራቸው። አፍ አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ጩህ። ሯጭ ሲደክም ዓይኑ አያይለትም። የነገሩትን ነው የሚሄደው።»

ስድስቴ ይህን ሳይነግሩትም ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሥራ መች ነበረው።

«ስድስቴ» የወጣለት ስም ነው። በኮሌጁ ቡድን ሰባት ልጆች ይሮጣሉ፤ የሚቆጠሩት ግን አምስት ናቸው። የአምስቱ ደረጃ ይደመርና ትንሹን ድምር ያመጣው ኮሌጅ ያሸንፋል። ከቡድኑ ስድስተኛና ሰባተኛ ሆነው የሚገቡት ድምሩ ውስጥ የሉበትም። ጥቅማቸው አንድ ነው፤ የሌላ ኮሌጅ ልጆችን ከቀደሙ እነዚያን አንድ ደረጃ ወደ ታች ይገፏቸዋል። አሠልጣኙ ይህን ሲያስረዳ እየሳቀ ነበር።

«ስድስተኛ ማለት፣» አለ፣ «ራሱ ሳይበላ የሰው ሳህን የሚደፋ ማለት ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ሰባተኛው ልጅ፣ አፉ ስለማይዘጋ ሬዲዮ የሚሉት፣ እዚያው «ስድስቴ» ብሎ ጠራው። በዚያው ቀረ። አሠልጣኙም ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም፤ እውነተኛ ስሙን ቢጠየቅም የሚያውቀው አይመስልም።

ከመጀመሪያው ውድድር በኋላ ለአባቱ በስልክ ለማስረዳት ሞክሮ ነበር። አባቱ ግንበኛ ነው፤ ነገር ሲነግሩት መሠረቱን ሳያይ አያልፍም።

«ቆይ፣ ቆይ። አንተ የገባህበት አይቆጠርም?»

«አይቆጠርም።»

«ታዲያ ምን ያስሮጡሃል?»

«አንዱ ቢታመም ምናልባት...»

«ሰው እስኪታመም ነው የምትጠብቀው? ወደ እኔ ናና ብሎኬት አቀብለኝ። እሱ ቢያንስ ይቆጠራል።»

እናቱ ከኋላ «ተው እንጂ ልጁን አታብግነው፤ ስድስተኛ እኮ ጥሩ ነው» ስትል ተሰማችው። ያንን ሲሰማ ይበልጥ ከፋው።

ቱታ ሲታደልም እንዲሁ ነው። አምስት አዲስ መጣ። ለስድስቴና ለሬዲዮ ተመርቀው የሄዱ ልጆች የጣሉት ተሰጣቸው። የስድስቴ ጀርባው ላይ የሌላ ሰው ስም ነበረበት። ፊደሎቹን በምላጭ ሲፍቃቸው ጨርቁ ሳሳ እንጂ ስሙ አልጠፋም፤ ዛሬም ቀረብ ብሎ ላየው ይነበባል። ፎቶ ሲነሱ ደግሞ አሠልጣኙ ስልኩን የሚያቀብለው ለእሱ ነው። «አንተ አንሳን፣ እጅህ አይንቀጠቀጥም» ይለዋል። የዓመቱን ፎቶ ሁሉ ያነሳው ስድስቴ ነው። ስድስቴ ያለበት ፎቶ ግን አንድም የለም። ይቺ ምን አላት ይላል፣ ያልደረሰበት ሰው።

ይህን ሁሉ ችሎ የከረመው ስለ ሎጋው ነው።

ሎጋው የቡድኑ አንደኛ ነው፤ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው ቀጭን ልጅ። ከስድስቴ ጋር በአንድ አጥር ተካልለው ነው ያደጉት። የአንዱ እናት ስትቆጣ ሌላው ቤት ገብተው ይደበቁ ነበር። ኮሌጅም አንድ ዶርም ደረሳቸው፣ አንድ ተደራራቢ አልጋ። ሎጋው ላይ፣ ስድስቴ ታች። ውድድር ላይ ሲሆን ደግሞ ስድስቴ አሯሯጩ ነው። እስከ ግማሽ ድረስ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይቀበልለታል፤ ትንፋሹ ሲያልቅ ዞር ይልና ሎጋው ያልፋል። ከዚያ በኋላ ስድስቴን የሚያልፈው ብዙ ነው።

ሌላም አለ። የአገር አቋራጭ መሮጫ እንደ ስታዲየም አንድ ዓይነት አይደለም። በየሄዱበት ይለያያል። ስለዚህ ሯጭ ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን መንገዱን በእግሩ ይሄድበታል፤ የቱ ጋ እንደሚያንሸራትት፣ የቱ ጋ የዛፍ ሥር እንደወጣ፣ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ ያያል። ሎጋው ይሄ ይሰለቸዋል። አውቶቡስ ውስጥ እግሩን መስኮቱ ላይ ሰቅሎ ይተኛል።

«ስድስቴ፣ አንተ ሂድልኝ በናትህ። እግሬን ልቆጥብ።»

«የኔ እግር ከየት የመጣ ነው?»

«ያንተማ አይቆጠርም» ይልና ይስቃል። ስድስቴም ይስቃል። ይሄድለታል። በማግስቱ እየሮጡ «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «ሥር አለ» ይለዋል። መታጠፊያ በደረሱ ቁጥር ሎጋው አንገቱን ዘወር አድርጎ በዓይኑ ይፈልገዋል። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ሮጡ። ከኮሌጁ ማንም ይህን አያውቅም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው የሎጋው ፎቶ ብቻ ነው። ያነሳው ስድስቴ።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ሳምንት ነው። የመጨረሻው ከባድ ልምምድ ዳገት ላይ ነበር። ስድስቴ ምን እንደነካው አያውቅም፣ እግሩ ቀለለው። እንደልማዱ ከፊት ወጣ፣ ግማሹን ጨረሰ፣ ትንፋሹ ግን አላለቀም። ዞር ብሎ ለሎጋው መንገድ ሰጠው። ሎጋው አልመጣም። እንደገና ዞር ብሎ አየው። ሎጋው አፉን ከፍቶ ከኋላው ይለፋ ነበር። ስድስቴ ዳገቱን ቀድሞ ጨረሰ።

አሠልጣኙ ሰዓቱን አየ። «ዛሬ አሯሯጩ የትኛችሁ ናችሁ?» ብሎ ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ። ሎጋው አልሳቀም። ፎጣውን አንስቶ ብቻውን ወደ ዶርም ሄደ።

የውድድሩ ስም ዝርዝር ሲነበብ ስድስቴ አምስቱ ውስጥ እገባለሁ ብሎ ነበር የቆመው። ሰባቱም ውስጥ አልነበረም።

«ቅልጥምህን አስታም» አለው አሠልጣኙ። «ደብቀህ ብትሮጥ ይሰነጠቅና እኔን ታስጠይቀኛለህ። መታጠፊያ ላይ የሚቆም ሰው ጎድሏቸዋል፣ እዚያ ትቆማለህ። አየር ትቀበላለህ።»

«አላመመኝም እኮ ኮች። ማነው እንዲህ ያለዎት?»

«እኔ ዓይን የለኝም?»

ማን እንደሆነ ያወቀው ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሬዲዮ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ከፊት ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የተኛውን ሎጋውን በአገጩ አሳየው።

«እሱ ነው እኮ ለኮች የነገረው። ‹ሌሊት ሌሊት ያቃስታል፣ ለሱ ብዬ ነው› አለ። እኔ በሩ ጋ ነበርኩ። ምን አገባኝ፣ በኋላ ከሌላ ሰው ስትሰማ እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

ስድስቴ ቅልጥሙን አሞት ያውቃል። ዓመቱ ሲጀመር ነው፤ ለሎጋው ብቻ ነግሮት ነበር። ከተሻለው ወራት አልፎታል። መሻሉን በመጀመሪያ የነገረውም ለሎጋው ነው። እየዘለለ ነበር ያሳየው።

አሁን ከጫካው ጫፍ ፊሽካ ተነፋ። መሪው ሦስቱን ዙር ጨርሶ እየመጣ ነው ማለት ነው።

ከዛፎቹ መሀል መጀመሪያ የወጣው ግን መሪው አልነበረም። መነጽሩን ከጭንቅላቱ ጋር በላስቲክ ያሰረ ድብልብል ያለ ልጅ ነው። ከአንዲት ትንሽ ኮሌጅ የመጣ ነው፤ ማልያው እስከ ጭኑ ይደርሳል። ከሁሉም መጨረሻ የሚሮጠው እሱ ነው፤ ገና አንድ ዙር ይቀረዋል። በዚህ ባለፈ ቁጥር ትንፋሽ አጥሮትም ቢሆን ለስድስቴ «አመሰግናለሁ» ይለዋል። ሌላ ማንም አላለም።

ከባለመነጽሩ ጀርባ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ሎጋው ወጣ። ብቻውን ነው። ሌሎቹ ገና አይታዩም።

ስድስቴ የሚያደርገውን ያውቃል። ሁለቱ አንድ ላይ መጥተዋል፤ ስለዚህ ገመዱን ትቶ በአፉ መንገር ነው። አንዲት ቃል ነች። ዓመቱን ሙሉ ሲላት የከረመ ቃል።

ባለመነጽሩ ደረሰ። «አመሰ...ግናለሁ» አለና ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ወደ ቀረው ዙር።

ሎጋው ቀረበ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ምራቁ አገጩ ላይ ተለጥፏል። ከፊቱ ግራው በገመድ ተዘግቷል፤ በቀኙ አንድ ሰው ይሮጣል። ትናንት መንገዱን በእግሩ አልሄደበትም፤ ማብቂያው ከዛፎቹ ጀርባ ይሁን ከኮረብታው ማዶ አያውቅም። አንገቱን ዘወር አደረገ። ስድስቴን በዓይኑ ፈለገው። አገኘው።

ስድስቴ ጎንበስ አለና የጫማውን ማሰሪያ ያዘ። ማሰሪያው አልተፈታም ነበር።

ኮቴው በቀኝ በኩል አለፈ። ጭቃው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቦራጨቀ፣ ከዚያ ድምፁ ራቀ።

ስድስቴ ብድግ አለ። ገመዱን ከግራ ፈታ፣ በቀኝ በኩል አሰረ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ቀጥለው ለመጡት «በግራ፣ በግራ፣ ግራ ያዙ» እያለ ጮኸ። ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

ሎጋው መሳሳቱ የገባው ኮረብታው ወገብ ላይ ሲደርስ ነው። ተመልሶ ሲመጣ በመታጠፊያው ያለፈው ሰው ብዛት ለቆጣሪም አይመችም ነበር። በስድስቴ አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየውም። ከሁሉም በኋላ ባለመነጽሩ ዙሩን ጨርሶ መጣ፣ ወደ ግራ ታጠፈ፣ «አመሰግናለሁ» አለ። ስድስቴ ዞር ብሎ ችካሉን መነቅነቅ ጀመረ።

ደስ ይለኛል ብሎ ነበር። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ፣ የሬዲዮን ወሬ ከሰማ በኋላ፣ ሎጋው ጭቃ ላይ ሲንከባለል እያሰበ ነበር የመጣው። አሁን ችካሉን ነቅሎ ገመዱን ክርኑ ላይ ሲጠቀልል የተሰማው ነገር፣ በአደራ የተሰጠውን ዕቃ መንገድ ላይ የጣለ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነው።

ሜዳው ላይ ሲደርስ አሠልጣኙ እየጠበቀው ነበር። ክንዱን ይዞ ወደ አውቶቡሱ ጀርባ ወሰደው። ሎጋው እዚያ ጎማው ላይ ተደግፎ፣ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ ቁጭ ብሏል።

«ስማ» አለ አሠልጣኙ። «ሎጋው አንደኛ ገብቶ ቢሆን አሸንፈን ነበር። ተቃውሞ አስገብቻለሁ። ያ ባለመነጽር መንገድ ላይ ተገትሮ አሳስቶታል። መሪ ሲመጣ ጠርዝ መያዝ ነበረበት፣ ደንቡ ነው። ዳኞቹ ከተቀበሉኝ ልጁ ይሰረዛል፣ ሎጋው መታጠፊያው ላይ የነበረው ደረጃ ይሰጠዋል። የሚፈልጉት ያንተን ቃል ብቻ ነው።»

«ምን ልበል?»

«ያደረግከውን። ገመዱን ፈትተሃል። ‹ግራ› ብለህ ጮኸሃል። ልጁ ከፊቱ ተደንቅሮ ስለነበር ሎጋው አላየም፣ አልሰማም። አለቀ።»

ስድስቴ ክርኑ ላይ ያለውን ገመድ ማጥበቅ ጀመረ። አሠልጣኙ ይህን በሌላ ተረጎመው። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እጁን ትከሻው ላይ ጣለ። ዓመቱን ሙሉ ነክቶት አያውቅም።

«የዳገቱን ቀን እንዳላየሁህ እንዳይመስልህ። የመጪው ዓመት ከአምስቱ አንዱ አንተ ነህ። አዲስ ቱታ ትለብሳለህ። ቃሌ ነው። ሲጠሩህ ና።» ይህን ብሎ ወደ ዳኞቹ ድንኳን ሄደ።

ሎጋው ፎጣውን ከራሱ ላይ ሳያነሳ ተናገረ።

«አየሁህ እኮ።»

ስድስቴ የአውቶቡሱን ጎማ አየ።

«ጫማህ አልተፈታም ነበር» አለ ሎጋው። «ለኮች አልነገርኩትም። ‹ግራ ሲል የሰማሁ መስሎኛል› ነው ያልኩት።»

«ለምን?»

«እኔ ነኛ ስለ ቅልጥምህ የነገርኩት። ሬዲዮ እንደሚያወራ አውቃለሁ።» ፎጣውን ገፈፈ። ዓይኑ ቀልቷል። «ያን ቀን ዳገቱ ላይ መንገድ ለቀቅክልኝ። ለቀቅክልኝ፣ እኔ ደግሞ መሄድ አቃተኝ። ከዚያ ሰውዬው ሳቀ። አንተ ምን ታውቃለህ፣ አንተ ሲስቁብህ ለምደሃል።»

«መች ለመድኩት?»

ሎጋው ፎጣውን ጭኑ ላይ አጣጠፈ። «ተካካስን በቃ» አለ። «አንድ አንተ፣ አንድ እኔ። ግባና ያለህን በል። በመጪው ዓመት አብረን እንሮጣለን። አንተም ትቆጠራለህ።»

ነገሩ እንዲህ ሲባል ደስ የሚል ነበር። ስድስቴ ለአባቱ ሲደውል ታየው። «አባባ፣ ከአምስቱ ገባሁ።» አባቱ መሠረቱን ሳያይ አያልፍም፤ በማን ቦታ እንደገባ ይጠይቀዋል። ቢሆንም ደስ ይለዋል። እናቱ ለጎረቤት ትናገራለች።

«ልጁስ?» አለ።

«የቱ ልጅ?»

«ባለመነጽሩ።»

«እሱማ መጨረሻ ነው የወጣው። ቢሰረዝ ምን ይጎድልበታል?»

ሬዲዮ ከአውቶቡሱ ጥግ ብቅ አለ። «ስድስቴ፣ ይጠሩሃል። እንዴ፣ እዚያ ማልቀስ ሁሉ አለ። ትንሿ ኮሌጅ እኮ አምስት ልጅ ብቻ ነው ያመጣችው፤ አንዱ ከተሰረዘ ቡድናቸው እንዳልመጣ ነው የሚታየው። አሠልጣኛቸው የሒሳብ አስተማሪ ነው አሉ፣ ሰውዬው ደንቡን እንኳ አያውቀውም...»

ስድስቴ የቀረውን አልሰማም። በሜዳው መሀል ወደ ድንኳኑ ሲሄድ ገመዱ አሁንም ክርኑ ላይ ነበር።

ከድንኳኑ ደጅ አራት ልጆች ቆመዋል። የማልያቸው ቀለም እንኳ አንድ አይደለም። ባለመነጽሩ መሀላቸው ሆኖ መነጽሩን በማልያው ጫፍ ይወለውላል፤ ማልያው ጭቃ ስለሆነ መነጽሩ ይብስ ይቆሽሻል። አንደኛው ልጅ «አይዞህ፣ አንተ ካልተቆጠርክ ማናችንም አንቆጠርም፣ አብረን ነው የምንቀረው» ይለዋል። ማጽናናቱ ነው።

ባለመነጽሩ መነጽሩን ሲያደርግ ስድስቴን አየው። ፊቱ በራ።

«እሱ ነው» አለ ለአስተማሪው፣ ቀጭን ጃንጥላ ለያዘ ሰውዬ። «መታጠፊያው ላይ የነበረው ልጅ። እሱ ያውቃል። ጠርዝ ጠርዙን እንደሄድኩ እሱ ይነግራቸዋል።»

አስተማሪው ለስድስቴ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠው፤ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ።

ውስጥ ዋና ዳኛዋ ከሁለት ዳኞች ጋር ተቀምጠዋል። አሠልጣኙ ቆሟል፤ ስድስቴ ሲገባ ዓይኑን በቀስታ ጨፈን አድርጎ ከፈተለት። ሎጋው ከኋላ ተከትሎ ገብቶ የድንኳኑን ምሰሶ ተደገፈ።

«ና የኔ ልጅ፣ ቅረብ» አሉ ዳኛዋ። «አጭር ነው። መሪው ሲመጣ ገመዱን ወደ ቀኝ አዙረህ ነበር?»

ስድስቴ ገመዱን ከክርኑ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጭቃው ወረቀታቸውን ነካ። አንደኛው ዳኛ ወረቀቱን ሳብ አደረገ።

«አላዞርኩም» አለ።

ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። አሠልጣኙ ፈጠን ብሎ «አዙሬ ነበር ነው የሚለው፣ ብርድ መትቶት ነው፣ ቀኑን ሙሉ...» አለ።

«እርስዎን አልጠየቅሁም» አሉ ዳኛዋ። ወደ ስድስቴ ዘንበል አሉ። «አልሰማሁህም። ጮክ በል።»

ስድስቴ ሎጋውን ዞሮ አየው። ሎጋውም ያየው ነበር፤ አንገቱን ዘወር አድርጎ፣ መታጠፊያ ላይ እንደሚያየው። ያኔ ይጠብቀው እንደነበረው አሁንም እየጠበቀው ነው።

በዚህ ጊዜ ስድስቴ ጎንበስ አላለም።

«ገመዱን አላዞርኩትም» አለ። ከድንኳኑ ውጭ ያሉት ልጆች እስኪሰሙት ድረስ ነው የተናገረው። «ባለመነጽሩ መንገድ አልዘጋበትም። ጠርዝ ጠርዙን ነው የሄደው። ሎጋው አይቶኝ ነበር። እኔም አይቼዋለሁ። ግራ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም።»

  አሠልጣኙ ፊቱ ሲቀላ፣ ከዚያ ሲጠቁር ታየ። ሎጋው ምሰሶውን ለቀቀና ወደ ውጭ ወጣ፤ ዞር ብሎ አላየም።

«ለምን?» አሉ ዳኛዋ።

ስለ ቅልጥሙ አፉ ድረስ መጣ። ስለ ቱታው፣ ስለ ፎቶው፣ አባቱ በስልክ ስላለው። ሁሉም እውነት ነበር። በረድፍ ሆነው ምላሱ ላይ ቆሙ። ዋጣቸው።

ዳኛዋ እስክሪብቶአቸውን አነሱ። «ቃልህን መመዝገብ አለብኝ። ማን ልበል?»

«ስድስቴ ነው የሚባለው» አለ አሠልጣኙ፣ በመጸየፍ። «እንዲያ ብለው ይጻፉት።»

«አይደለም» አለ ልጁ።

ጀርባው ላይ የተፋቀ ስም ያለበትን ቱታ አወለቀና ገመዱ አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ ሙሉ ስሙን፣ ከነአባቱ ከነአያቱ፣ ቀስ ብሎ ነገራቸው፤ ዳኛዋ አንዱንም ፊደል እንዳይስቱ።